የጎጃም ጤፍና ገበያው

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ፣ ጤፍ የጓዳ እህልም የገንዘብ ምንጭም ነው። ገበሬው የቤቱን አስቀርቶ ቀሪውን ይሸጣል፤ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብርና የልጆች ትምህርት ከዚያው ይሸፈናሉ። ከቤት የተረፈውን ከመሸጥ ለገበያ አስቦ ወደ መዝራት የሚያሸጋግረው አሠራር «ኩታ ገጠም» ይባላል።

በኩታ ገጠም፣ ማሳቸው የሚዋሰን ገበሬዎች ተስማምተው አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ሰሞን ይዘራሉ። ይዞታውም ምርቱም የየራሳቸው ነው። ገበያው ጤፍን ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ ብሎ ስለሚለይ፣ የተደባለቀ እህል ዋጋው ይወርዳል፤ አንድ ወጥ የሆነውን በብዛት ያቀረቡ ግን የመደራደር አቅም ያገኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያም ነጭና ምርታማ በመሆኑ በሰፊው ተዘርቷል።

ጤፉ ከገጠር ገበያ በሰብሳቢ ነጋዴ እጅ ወደ ከተማ ይገባል፤ ከዚያም በደጀን አድርጎ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ እህል በረንዳ ከሚባለው የእህል ገበያ ይደርሳል። በዚያ ደላላው ገዥና ሻጭ ያገናኛል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፣ በዋናነት የሚያገበያየው ጤፍን ሳይሆን ቡናና ሰሊጥን ነው።

የዚህ አገር ገበሬ ምርቱን ሌላ ወገን ሲተምንበት ኖሯል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ርስታችን ሊነጠቅ ነው ብለው የሰጉት የቢቸናና የሞጣ ገበሬዎች አምፀዋል። በደርግ ዘመን ደግሞ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን በኮታ፣ ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ ይወስድ ነበር። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

ዛሬ አስገዳጁ ጊዜ ነው። አዝመራው እንደተወቃ ሁሉም በአንድ ላይ ስለሚሸጥ ዋጋ ይወድቃል፤ ክረምት ሲገባ ይወደዳል። ዕዳ ያለበት ገበሬ በርካሹ ሸጦ፣ ጎተራው ሲጎድል በውድ ይገዛል። ስለዚህ ከምርጥ ዘሩ እኩል፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘንና እህሉን አስይዞ የሚገኝ ብድር ያስፈልጋሉ። ኩታ ገጠም ማሳውን አገናኝቷል፤ ማኅበራቱ ደግሞ ገበሬው የሚሸጥበትን ቀን ራሱ እንዲመርጥ ያብቁት።