ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? ያገለገለ ፕራዶ ወይም ላንድክሩዘር ከመግዛታችን በፊት

በአገራችን ውድ ከሚባሉት መኪኖች መካከል እንደ ቶዮታ ፕራዶና ላንድክሩዘር የሚፈለግ ጥቂት ነው። ነጋዴው ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ ድሬዳዋ ይመላለስበታል። ከዓረብ አገር ጠቅልሎ የሚመለሰው ወገናችንም የዓመታት ጥሪቱን ከሚያውልባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው መኪና ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ካገደ ወዲህ ግን ገዢው የሚመርጠው በአብዛኛው ቀድመው ከገቡትና ሌላ ሰው ከነዳቸው መካከል ነው። ሚሊዮኖች ይከፈሉበታል፤ ከተሳሳቱ ደግሞ የሞተሩ ጥገና ብቻ አንድ ትንሽ መኪና የሚገዛ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል።

ብዙ ሰው ደላላውን የሚጠይቀው ስለ ሞዴሉ ዓመት፣ ስለ ቀለሙና ስለ ወንበሩ ቆዳ ነው። ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ናፍጣ ነው ወይስ ቤንዚን የሚለው ነው። መልሱም ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም።

ሁለቱ ሞተሮች በምን ይለያያሉ?

የቤንዚን ሞተር አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ይጨምቅና በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ አየሩ በመጨመቁ በጣም ይግላል፤ በዚያ ላይ ናፍጣው ሲረጭበት ራሱ ይቀጣጠላል። የቤንዚን ሞተር አየሩን አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 እጥፍ ሲጨምቅ ናፍጣው ከ15 እስከ 18 እጥፍ ይጨምቃል።

ከዚህ ልዩነት ብዙ ነገር ይከተላል። ጠንክሮ የሚጨምቅ ሞተር ከነዳጁ የበለጠ ሥራ ያወጣል። በተጨማሪም አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የሚበልጥ ኃይል በውስጡ አለው። ናፍጣ መኪና በአንድ ሊትር ረዘም ያለ መንገድ የሚሄደው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው። በሌላ በኩል ይህን ሁሉ ግፊት የሚችል ሞተር ክብደቱም፣ ድምፁም፣ የመለዋወጫው ዋጋም ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን ፕራዶ እንውሰድ። በናፍጣ መጀመሪያ ባለ 3.0 ሊትር፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ባለ 2.8 ሊትር ሞተር አለው። በቤንዚን ባለ 2.7 ሊትር አራት ሲሊንደርና ባለ 4.0 ሊትር ስድስት ሲሊንደር አለ። የ2.7ቱ ቤንዚን የመጎተት ጉልበት 246 ኒውተን ሜትር ሲሆን የ2.8ቱ ናፍጣ አውቶማቲክ 450 ይደርሳል፤ ያውም ሞተሩ ብዙ ሳይጮህ በዝቅተኛ ዙር ነው። ሰባት ሰውና ዕቃ ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሕዝቡ ቪኤይት የሚለው ላንድክሩዘር 200 እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ነው። ናፍጣው 4.5 ሊትር ባለሁለት ቱርቦ ሲሆን ስምንት ሲሊንደር ቤንዚኖቹ እንደ ተሠሩበት ዓመትና ገበያ 4.6፣ 4.7 ወይም 5.7 ሊትር ናቸው። በ2021 የተተካው ላንድክሩዘር 300 ግን ስምንት ሲሊንደሩን ትቶ ወደ ስድስት ወርዷል። ስለዚህ 300ውን “ቪኤይት” ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ስሙን በልማድ እየተጠቀመ ነው፤ ሞተሩ ሌላ ነው።

የከፍታችን ጉዳይ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ይህን ነጥብ ልብ ይበሉ። ዱባይና ጂዳ በባሕር ዳርቻ ያሉ ከተሞች ናቸው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል።

ቱርቦ ማለት በማርሚታ በኩል በሚወጣው ጭስ ኃይል እየዞረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ትንሽ ማራገቢያ ነው። የጎደለውን አየር በአብዛኛው ይተካል። ከላይ የጠቀስናቸው ናፍጣዎች ሁሉ ቱርቦ አላቸው፤ የፕራዶውና የ200ው ቤንዚኖች ግን የላቸውም። ስለዚህ ዱባይ ላይ ነድተነው ፍጥነቱን የወደድነው ባለ 4.0 ሊትር ቤንዚን እንጦጦን ሲወጣ ያው መኪና አይሆንም። ባለ 2.7ቱ ደግሞ ተጭኖ ዳገት ላይ በግልጽ ይደክማል።

ናፍጣ የሚያስቸግረው መቼ ነው?

እስካሁን ያልነው ለናፍጣ ያደላ ይመስላል። ሌላውን ገጽ እንይ።

ዘመናዊ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚረጨው በጣም ከፍተኛ በሆነ ግፊት፣ በጣም ቀጭን በሆኑ ቀዳዳዎች ነው። ውኃ ወይም ቆሻሻ የተቀላቀለበት ናፍጣ ኢንጀክተሩንና ፓምፑን ይበላል። ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን ከመንገድ ዳር መግዛት ለቤንዚን መኪናም ጥሩ አይደለም፤ ለናፍጣው ግን አደጋው ይብሳል። የናፍጣ ፊልትሮ በወቅቱ መቀየር፣ የውኃ ምልክት መብራት ሲበራም ውኃውን ማፍሰስ ግዴታ ነው። በስህተት ቤንዚን የተቀዳበት ናፍጣ መኪና ደግሞ ጨርሶ መነሣት የለበትም። ተጎትቶ ሄዶ ታንከሩ ይታጠባል።

ሁለተኛው የጥቀርሻ ማጣሪያ ነው። ለአንዳንድ ገበያዎች የተሠሩ አዳዲስ ናፍጣዎች ጭሱን የሚያጣራ ዕቃ አላቸው። ይህ ማጣሪያ የተጠራቀመበትን ጥቀርሻ አቃጥሎ ለማጽዳት መኪናው በየጊዜው ረዘም ላለ ጊዜ፣ በተሻለ ፍጥነት መነዳት አለበት። ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሱቅ ውሎ፣ ማታ ከመገናኛ በጭንቅንቅ የሚመለስ መኪና ይህን ዕድል አያገኝም፤ ማጣሪያው ይደፈናል። ችግሩ የአሽከርካሪ ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ በአውስትራሊያ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2020 ድረስ የተሸጡ ከ260 ሺህ በላይ ናፍጣ ሃይሉክስ፣ ፕራዶና ፎርቹነር መኪኖች ማጣሪያ ጉድለት እንዳለበት የአገሪቱ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2022 ወስኗል። ስለዚህ ባለ 2.8ቱን ስትገዙ ማጣሪያ አለው ወይ? ካለው ተቀይሯል ወይስ ጋራዥ ውስጥ ተቆርጦ ወጥቷል? ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ቺንጋ ነው። ባለ 3.0ው ናፍጣ የሞተር ጊዜውን የሚጠብቀው በቺንጋ ሲሆን በ150,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ሞተሩን ያበላሻል። ባለ 2.8ቱ ናፍጣ፣ እንዲሁም ባለ 2.7ና ባለ 4.0 ቤንዚኖቹ በቺንጋ ፋንታ ሰንሰለት አላቸው።

ስሌቱን በወረቀት እንሥራው

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ተማሪዎቼን “በግምት አትመልሱ፤ ጻፉት” እላቸው ነበር። እዚህም እንጻፈው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው።

ናፍጣው በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር፣ ቤንዚኑ 15 ሊትር ይጠጣል እንበል። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በናፍጣ 1,650 ሊትር፣ በቤንዚን 2,250 ሊትር ያስፈልገዋል። ልዩነቱ 600 ሊትር ነው። ለስሌት እንዲቀለን የሁለቱም ነዳጅ ዋጋ በሊትር 100 ብር ነው ብንል በዓመት 60,000 ብር ይተርፋል። ናፍጣው መኪና ከቤንዚኑ በ600,000 ብር የሚበልጥ ከሆነ ትርፉ ልዩነቱን የሚሸፍነው በ10 ዓመት ነው። በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ግን በ5 ዓመት ይሸፍናል። ከተማ ውስጥ ብቻ 6,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ 25 ዓመት ይፈጃል።

እናንተ የዕለቱን የማደያ ዋጋና የምትነዱትን ርቀት አስገቡ። በናፍጣው ወገን ላይ የኢንጀክተርና የቱርቦ ጥገና መጠባበቂያ ጨምሩ። በሌላ በኩል ናፍጣው ሲሸጥ የሚያወጣውን የተሻለ ዋጋም አትርሱ።

ሲመረመር

መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ እዩት። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። የጭሱን ቀለም ተመልከቱ፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁርና ወፍራም ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ በልጧል፤ ነጩ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ወይም ኢንጀክተሩ ታሞ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ክፈቱ፤ ጭስ በኃይል የሚተፋ ከሆነ ሞተሩ አርጅቷል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ብቻ አትመኑ፤ በቀላሉ ይቀነሳል። ከፔዳሉ፣ ከመሪውና ከወንበሩ መበላት ጋር አስተያዩት። መካኒኩን ራሳችሁ አምጡ፤ የደላላውን አትቀበሉ። ሊብሬውን ይዛችሁ እገዳ፣ የባንክ ዕዳ ወይም ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆኑን አጣሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርም።

ከሸሪዓ አንጻር

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር እርጥበት ማግኘታቸውና ሻጩን መገሠጻቸው የታወቀ ነው። ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ የሆነ እህልና ጠዋት ተሞቆ፣ በወፍራም ዘይት ድምፁ ተደብቆ የሚሸጥ ሞተር አንድ ዓይነት ናቸው። ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት የመናገር ግዴታ አለበት። ሸሽጎ ከሸጠ ገዢው ጉድለቱ ሲገለጥ የመመለስ መብት (ኺያር አል-ዐይብ) አለው። ተዋዋዮቹ ከተስማሙ ደግሞ ለተወሰኑ ቀናት የመመለስ ምርጫ (ኺያር አሽ-ሸርጥ) በውሉ ሊያሰፍሩ ይችላሉ። “ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ” የሚል ወረቀት ከመፈረም በፊት ይህን አስቡ። ፍርድ ቤት ስትደርሱ የሚያግዛችሁ ግን በጽሑፍ የሰፈረው ነውና በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ገንዘብ ለጎደለው፣ በወለድ መበደር ሳያስፈልግ በሙራበሓ መግዛት ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀምሯል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። የሙራበሓ ፍሬ ነገሩ ባንኩ መኪናውን በቅድሚያ ለራሱ ገዝቶ፣ ኃላፊነቱን ተሸክሞ፣ ዋጋውንና ትርፉን ገልጦ ለእናንተ መሸጡ ነው። ባንኩ ሳይገዛው ከእናንተ ጋር የሽያጭ ውል ከተፈራረመ ቅደም ተከተሉ ፈርሷል። ምርመራው መካሄድ ያለበትም ባንኩ ከመግዛቱ በፊት ነው።

ዘካን በተመለከተ፣ ለራስ መጠቀሚያ በተያዘ መኪና ላይ ዘካ የለም። ዋጋው እስኪጨምር አቆይቶ አትርፎ ለመሸጥ ሲል የገዛው ሰው ግን የያዘው የንግድ ዕቃ ነው። መኪናው በቤቱ ግቢ ስለቆመ አይቀርለትም፤ ዓመት ሲሞላው በዕለቱ የገበያ ዋጋ 2.5 በመቶ ያወጣል።

ታዲያ የቱን?

በየወሩ ክፍለ ሀገር የሚመላለስ፣ ጭነትና ቤተሰብ ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ናፍጣ ይሻለዋል፤ ታሪኩ የታወቀና በአግባቡ የተያዘ ከሆነ። አብዛኛውን ጊዜ በከተማ ውስጥ አጭር መንገድ የሚነዳ ሰው ቤንዚን ይበቃዋል፤ ዋጋውም፣ ጥገናውም፣ ጭንቀቱም ያነሰ ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ከከተማ የሚወጣ ደግሞ ይህን ያህል ትልቅ መኪና ያስፈልገው እንደሆነ ራሱን በሐቅ ይጠይቅ። ባለቤቱንም ያማክር፤ ገንዘቡ የቤተሰቡ ነውና። ከቀረበላችሁ የተጎዳ ናፍጣና ደህና ቤንዚን መካከል ግን ያለ ማመንታት ደህናውን ውሰዱ። ወላሁ አዕለም።