ያውቁ ኖሯል?
ዝሆን በደብረ ዳሞ ጣሪያ ላይ

በትግራይ አምባ ላይ በተመሠረተው፣ በጠፍር ገመድ ተስበው ካልወጡ በቀር በማይደረስበት በጥንታዊው የደብረ ዳሞ ገዳም፣ በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ክፍል ቆመው ቀና ቢሉ፣ ከራስዎ በላይ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ዝሆን እንደሚያዩ ያውቁ ኖሯል?

ጣሪያው በአራት ማዕዘን ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ከዝሆኑ ጋር አንበሳ፣ ግመል፣ ሚዳቋና ሌሎችም አራዊት በየሰሌዳው ተቀርጸውበታል። ገዳሙን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ እንደሆኑ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይመሰክራል።

ዝሆን ለአገሩ እንግዳ አልነበረም፤ በዚያው ክፍለ ዘመን ወደ አዱሊስ ወደብ የመጣው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ በኢትዮጵያ ጥርሳቸው ትልልቅ የሆነ ዝሆኖች እንደሚበዙ፣ ጥርሱም በመርከብ ወደ ህንድ፣ ወደ ፋርስ፣ ወደ ሐሜር (የመን) እና ወደ ሮም ግዛት እንደሚላክ፣ የኢትዮጵያው ንጉሥም ለትርኢት አንድ ወይም ሁለት በፈለገ ጊዜ ግልገሎቹ ተይዘው እንደሚያድጉለት ጽፏል።

ዝሆን በአውሮፓም ተስሏል፣ ተቀርጿልም፤ ማቲው ፓሪስ የተባለው እንግሊዛዊ መነኩሴ፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ ለእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ በስጦታ የላከውንና በ1255 እ.ኤ.አ. ለንደን የገባውን ዝሆን በዓይኑ ተመልክቶ ስሎታል። በሮም ከተማ ደግሞ፣ በ1667 እ.ኤ.አ. በበርኒኒ ንድፍ የተሠራውና የግብጽን ሐውልት በጀርባው የተሸከመው የእብነ በረድ ዝሆን፣ በሳንታ ማሪያ ሶፕራ ሚኔርቫ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት እስከ ዛሬ ቆሞ ይገኛል።