የጓሳው ፎቶ ለምን አልከፈት አለ?

ጓሳ ደርሶ የሚመለስ ሰው ካሜራው ሙሉ ነው። ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ በተዘረጋው በዚያ የመንዝ ደጋ ላይ ጭላዳው በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ፣ ጅባራው ከጉም ውስጥ ብቅ ሲል፣ ከቀናም ቀይ ቀበሮ አይጥ ላይ ሲያደባ ይነሣል። አዲስ አበባ ሲገባ ያ ሁሉ ፎቶ ሳሎን ወዳለው ዴስክቶፕ ይገለበጥና ፎልደሩ ሼር ይደረጋል፤ እህት መኝታ ቤት ሆና በላፕቶፕዋ፣ አባት ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጋር በተያያዘችው አሮጌ ሳጥን እንዲያዩት። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ጋ ዴስክቶፑ ጭራሽ አይታይም። ሌላው ጋ ይታያል፣ ግን ስምና ፓስዎርድ ይጠይቃል፤ ምን ቢጽፉለት እሺ አይልም። ሦስተኛው ጋ ፎልደሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲነካ «ፈቃድ የለዎትም» ይላል።

ሦስቱ ሦስት የተለያየ ምክንያት አላቸው። ብዙ ሰው ግን ለሦስቱም ያለው መላ አንድ ነው፦ አጥፍቶ ማብራት፤ እምቢ ካለ ፋየርዎሉን መዝጋት፤ አሁንም እምቢ ካለ ፎልደሩን ለሁሉም ወለል አድርጎ መክፈት። የኋለኞቹ ሁለቱ አንዳንዴ ይሠራሉ። የሚያስፈሩትም ስለሚሠሩ ነው።

በቅድሚያ አንድ የተሳሳተ ግምት እናንሣ። «ኢንተርኔት ስለጠፋ ነው» የሚለው ምክንያት እዚህ አይሠራም። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በራውተሩ በኩል ነው፤ ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ የውጭው መስመር ኖረ አልኖረ ፎቶው ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት በተቋረጠባቸው የአማራ ክልል ከተሞች እንኳ በአንድ ራውተር ላይ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ፋይል ከመቀባበል የሚያግዳቸው አልነበረም።

ዴስክቶፑ ጭራሽ ካልታየ መጀመሪያ የሚታየው ሁለቱ ማሽኖች እውነት አንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸው ነው። ብዙ ቤት ከቴሌኮሙ የተሰጠው ራውተር መኝታ ቤት ስለማይደርስ ሌላ ተገዝቶ ይቀጠላል። ያ ሁለተኛው ራውተር ዝም ብሎ ዋይፋይ የሚያሰፋ ይመስላል እንጂ ከካርቶኑ እንደወጣ ሲሰካ የራሱን ሌላ ኔትወርክ ይፈጥራል። ማረጋገጫው የአይፒ አድራሻ ነው፦ ዴስክቶፑ 192.168.1.5፣ ላፕቶፑ ደግሞ 192.168.0.12 ከሆኑ በሦስተኛው ቁጥር ተለያይተዋል ማለት ነው። የሚገርመው ነገር፣ ከሁለተኛው ራውተር ጀርባ ያለው ላፕቶፕ አድራሻውን በቁጥር ከጻፈ ብዙ ጊዜ ዴስክቶፑን ያገኘዋል፤ ዴስክቶፑ ግን ላፕቶፑን አያገኘውም። ራውተሩ የሚያሳልፈው ከውስጥ የተጀመረን ጥያቄና መልሱን ብቻ ነውና። መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር «አክሰስ ፖይንት» በሚለው አሠራር ላይ ማድረግ ነው። ለእንግዳ ተብሎ በተከፈተው ዋይፋይ ላይ የገባ ማሽንም እንዲሁ ተነጥሎ ይቀራል፤ ያ ዋይፋይ የተሠራው ለዚሁ ነው። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ምንም ቁጥር አላገኘም፤ ስለ ፎልደር ገና አይወራም።

ቁጥሮቹ ከተስማሙ ከኔትወርክ ዝርዝሩ ላይ የኮምፒውተሩን ስም መጠበቅ ትቶ ቁጥሩን መጻፍ ነው፤ ፋይል ማሰሻው ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝ፣ ቀጥሎ 192.168.1.5። በቁጥር ከፍቶ በስም እምቢ ካለ ፎልደሩ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ስም ፍለጋው ብቻ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ቁጥሮቹን እንደ አዲስ ሊያድል ይችላል፤ ትናንት 5 የነበረው ዴስክቶፕ ዛሬ 8 ይሆንና በቁጥር የተቀመጠው አቋራጭ ባዶ ቤት ያንኳኳል። ራውተሩ ላይ ለዴስክቶፑ ቋሚ ቁጥር መያዝ ከዚህ ለአንዴና ለሁልጊዜ ይገላግላል።

በቁጥርም ካልከፈተ የፋየርዎሉ ተራ ነው። ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ «ፐብሊክ» ወይም «ፕራይቬት» ብሎ ይመድበዋል። ፐብሊክ ማለት ካፌ ውስጥ ነኝ፣ ማንንም አታስገባ እንደማለት ነው። የቤት ዋይፋይ በዚህ ስም ተመዝግቦ መገኘቱ እጅግ የተለመደ ስለሆነ ሌላ ነገር ከመነካካት በፊት ይህን ማየት ይበጃል። ወደ ፕራይቬት ሲቀየርና የፋይል ማጋራቱ ሲፈቀድ ፋየርዎሉ ፋይል የሚጋራበትን 445 ቁጥር በር ለቤቱ ብቻ ይከፍታል። ጠቅላላውን መዝጋት አያስፈልግም።

በዚያ በር የሚያልፈው ኤስኤምቢ የተባለ ፕሮቶኮል ነው፤ የአይቢኤሙ ባሪ ፋይገንባውም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነድፎታል። የመጀመሪያው ስሪት እርጅናው ዋጋ አስከፍሏል፦ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚሁ ስሪት ቀዳዳ ገብቶ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይል ቆለፈ፤ የብሪታኒያ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሕመምተኛ መለሱ። ማስተካከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ያልጫነው ተመታ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት አሮጌውን ስሪት ከአዲሱ ዊንዶውስ 10 አወጣው። የአባት ሳጥን ዴስክቶፑን ያላገኘችው ምናልባት ከዚያ አሮጌ ስሪት ሌላ ስለማታውቅ ነው። ለእሷ ብሎ አሮጌውን መልሶ መጫን ይቻላል፤ እኔ ግን ፎቶውን በፍላሽ ገልብጦ መስጠትን እመርጣለሁ።

አሁን ስምና ፓስዎርድ ወደሚጠይቀው እንምጣ። የሚጠየቀው የዴስክቶፑ ተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ ነው፤ የላፕቶፑም የዋይፋዩም አይደለም። ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚሰናከልበት ግን ፒን ነው። ሰውየው በየቀኑ አራት ቁጥር ጽፎ ዴስክቶፑን ስለሚከፍት ያንኑ ይጽፋል። ፒን የሚሠራው በዚያው ማሽን ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው፤ በኔትወርክ አይሻገርም፤ የሚፈለገው የማይክሮሶፍት አካውንቱ ወይም የዴስክቶፑ አካውንት እውነተኛ ፓስዎርድ ነው፤ ያውም ከተፈጠረ ወዲህ ተጽፎ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ፓስዎርድ የሌለው አካውንትም በኔትወርክ አይገባም፤ ዊንዶውስ ሆን ብሎ ይከለክላል። ፓስዎርዱ ተቀይሮ ላፕቶፑ የድሮውን ይዞ ከሆነ ደግሞ ሳይጠይቅ እየላከ እምቢ ይባላል፤ ከኮንትሮል ፓነል «ክሬደንሻል ማናጀር» ገብቶ የተቀመጠውን መሰረዝ ነው። ቀድሞ ያለ ምንም ፓስዎርድ ይከፍት የነበረ ላፕቶፕ ድንገት ከተዘጋ ዊንዶውስ 11ን አሳድሶ እንደሆነ ይጠየቅ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ስሪት በእንግዳነት መግባትን አጥብቦታል።

ስምና ፓስዎርዱ ተቀባይነት አግኝቶም «ፈቃድ የለዎትም» ሊባል መቻሉ ብዙ ሰው ያናድዳል። የመንዝ ሰው ግን ነገሩን ያውቀዋል። ጓሳን በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ተካፍለው እንደያዙት ይነገራል፤ ሣሩም ማገዶውም ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። የጓሳ ሣር ለማጨድ ሁለት ነገር ባንድነት መሟላት ነበረበት፦ የአቅኚዎቹ ወገን መሆንና ጓሳው መከፈቱ። አንዳንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ በተዘጋ ጊዜ ወገንነት ብቻውን ማጭድ አያስነሣም ነበር። ዊንዶውስም ሁለት ፈቃድ አለው፤ አንዱ «ሼሪንግ» በሚለው፣ ሌላው «ሴኩሪቲ» በሚለው ገጽ ላይ ይቀመጣል። በኔትወርክ ለሚመጣ ሰው ሁለቱም ይቆጠራሉ፤ የሚጸናውም ጠባቡ ነው። ሴኩሪቲው ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ ሼሪንጉ ማንበብ ብቻ ካለ እህት ታነባለች እንጂ አትጽፍም። ሼሪንጉን ብቻ ከፍቶ «ፈቅጃለሁ እኮ!» የሚል ሰው ሴኩሪቲውን ገልጦ አላየም።

«ኤቭሪዋን» የሚለውን መርጦ «ፉል ኮንትሮል» መስጠትን የምቃወመው እዚህ ላይ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳ ያገኘ ሁሉ የሚገባበት ሆነና ሣሩ ተጎዳ። ለሁሉም ሙሉ ሥልጣን የተሰጠበት ፎልደርም ላፕቶፕ ላይ ለገባ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተዘጋጀ ማዕድ ነው፤ ቫይረሱ የሚሠራው ላፕቶፑ ባለው ፈቃድ ልክ ነውና። ልጅ በስሕተት ቢሰርዝም መከራ ነው። በኔትወርክ የተሰረዘ ፋይል ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ አይሄድም፤ ያው ጠፋ። ለቤተሰቡ ማንበብ፣ ፎቶውን ለሚያስገባው አንድ ሰው መጻፍ ከተፈቀደ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ፎልደሩ ከተከፈተ በኋላ አንዳንዴ የቀበሮዎቹ ፎቶዎች ብቻ እምቢ ይላሉ። ጭላዳዎቹ ይከፈታሉ፣ ጅባራው ይከፈታል፣ ቀበሮ የለም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አገባባቸው ነው። ኮፒ ተደርጎ የገባ ፋይል የአዲሱን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል፤ በዚያው ዲስክ ላይ ካለ የግል ፎልደር «ከት» ተደርጎ የገባ ግን የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይመጣል። የተመረጡት ፎቶዎች መጀመሪያ ለብቻ ተቀምጠው ኋላ ከተዛወሩ በግል ፎልደሩ ሕግ ይቀራሉ። ፎልደሩ ላይ በቀኝ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ «አድቫንስድ» ገብቶ፣ የፎልደሩ ፈቃድ በውስጡ ያሉትን ሁሉ እንዲተካ የሚያዘውን ሳጥን ምልክት አድርጎ «አፕላይ» ማለት ነው፤ ፎቶው ብዙ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል።