አንዱ ወደ ባልዲ፣ ሌላው ወደ በረዶ

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ልጄ ዓሣ ያክማል» ትላለች። ላርማት ሞክሬ ተውኩት። እውነቱ ግን በብርዱ ወራት ዓሣ ስገድል ነው የምውለው።

የምሠራው አሪዞና ውስጥ፣ ግራንድ ካንየን ገደል ግርጌ፣ ወደ ኮሎራዶ ወንዝ በምትገባው ብራይት ኤንጅል በምትባል ጅረት ነው። አንዳችን የባትሪ ሣጥን አዝለን ረጅም ዘንግ ውኃው ውስጥ እንነክራለን። ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው የብረት ቀለበት ኤሌክትሪክ ሲለቅ በቅርብ ያለው ዓሣ ጡንቻው ሳይወድ በግድ ወደ ቀለበቱ ይጎትተውና ይደነዝዛል። የቀረነው ግራና ቀኝ ቆመን በመረብ እንቀልባለን። የአገሩ ተወላጅ የሆነው ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ ሲነቃ ተለክቶና ተመዝግቦ ይለቀቃል። መጤው ትራውት ከሆነ ግን አይመለስም። በአንድ ዙር ተይዞ ስለማያልቅ ያንኑ ቦታ ደጋግመን እናስሳለን። እግር ይደነዝዛል፣ ጣት ይደነዝዛል፤ ከዓሣው ጋር አብረን ነው የምንደነዝዘው።

ጥፋቱ የትራውቱ አይደለም። ቡናማውን ትራውት ገና ድሮ አምጥቶ እዚህ የለቀቀው ሰው ነው። ቀጥሎ በ1963 (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የግሌን ካንየን ግድብ ተዘጋ። «ኮሎራዶ» በስፓኒሽ ቀላ ያለ ማለት ነው፤ በበጋ ሞቆ፣ ደለል ተሸክሞ ይወርድ ነበርና። ከግድቡ በኋላ ግድቡ ከፈጠረው ሐይቅ ጥልቅ የሚለቀቅ፣ የጠራና ብርዱ አጥንት የሚሰብር ውኃ ሆነ። ለመዝናኛ አጥማጆች ተብሎ ሬይንቦ ትራውት ተጨመረበት። ለትራውት ገነት ነበር።

ሲኦል የሆነው ለሀምፕባክ ቸብ ነው። እኔ «ባለሻኛው» እለዋለሁ፤ ከራሱ ኋላ የበሬ ሻኛ የመሰለ ጉብታ አለው። ከኮሎራዶ ተፋሰስ ሌላ በዓለም ላይ ቤት የለውም፤ ዕድሜው ከ30 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ጫጩቱ በቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ አያድግም፤ ቶሎ ያላደገ ደግሞ ለቡናማው ትራውት አፍ ልክ ይሆናል።

ሥራውን ስጀምር ያስደነቀኝ ቁጥሩ ነበር። ከ2003 እስከ 2006 ትንሹ ኮሎራዶ የተባለው ገባር ከዋናው ወንዝ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ከ23,000 በላይ መጤ ዓሣ ወጥቷል፤ 19,020ው ሬይንቦ ትራውት ነው። የወጣው ተፈጭቶ ማዳበሪያ ሆነ። በዚያው ዘመን ባለሻኛውም መበርከት ጀመረ። ይሁንና ማንም መረብ ባልነካው የወንዙ ክፍልም ትራውት ቀንሶ ነበር፤ ድርቅ ሐይቁን ስላጎደለው የሚለቀቀው ውኃ ሞቅ ብሎ ነበር። መረቡ ስንቱን ሠራ፣ ሙቀቱስ? ይህን ለይቶ መናገር ከባድ ነው፤ እኔም የሥራችንን ውጤት ሳወራ ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ከዚያ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ዙኒዎች ተናገሩ። ለዙኒ ሕዝብ ይህ ገደል አባቶቻቸው ወደዚህ ዓለም የወጡበት ሥፍራ ነው፤ መውጫቸውም እኔ በምሠራባት ጅረት ሸለቆ ያለው ሪበን ፏፏቴ ነው ይላሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ሕይወት በጅምላ መጥፋቱን ተቃወሙ። ሥራ የሚያጓትት ጣጣ አድርገው የሚያዩት ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ባደግሁበት ቤት ዶሮ እንኳ ሳይባረክ አይታረድም፤ ስለዚህ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ዛሬ ከጅረቷ የምናወጣው ትራውት ሰው እንዲበላው ይጸዳል፣ በረዶ ላይ ይተኛል። ቀኑ ይረዝማል፣ ወገብ ይቆረጣል፤ ግን እያንዳንዱ ዓሣ በእጅህ ያልፋል።

ባለሻኛው በ2021 የመጥፋት አደጋ ባለባቸው ዝርያዎች መዝገብ ላይ አንድ ደረጃ ዝቅ አለ። ደስታው ብዙም ሳይቆይ በ2022 ከግድቡ ሥር ሌላ አዳኝ፣ ስሞልማውዝ ባስ፣ ሲራባ ተገኘ። ሐይቁ በጣም ሲጎድል ሞቃቱ የላይኛው ውኃ ከነዓሣው በተርባይኑ አልፎ ነው። ለባለሻኛው የተመኘነው ሙቀት ለባሱም ተስማማው። በ2024 በጋ ከግድቡ የታችኛው ቱቦ ቀዝቃዛ ውኃ እየተቀላቀለ እንዲለቀቅ ተደረገ። 60 ዓመት ስንወቅሰው የኖርነውን ብርድ እኛው ለምነን አስመጣነው!

አገር ቤት ስሄድ ደግሞ በባሌ ተራሮች ወንዞች ትራውት እንደሚጠመድ ያጫውቱኛል፤ ከኬንያ የመጣ ነው። አንዱ ወዳጄ የያዘውን ትልቅ ትራውት ፎቶ ሲያሳየኝ «ጎበዝ» ብዬው ዝም አልኩ። ምን ልበለው?

ባለፈው የሥራ ወቅት አንድ ቀን ባልዲያችን ውስጥ ባለሻኛ ገባ። ከ2018 ጀምሮ ወደ ጅረቷ ከተመለሱት አንዱ ነው፤ ማንበቢያውን ስናስጠጋለት መሣሪያው ሰውነቱ ውስጥ ያለውን ቺፕ አንብቦ ጮኸ። ከባልዲው ስንለቀው ጭራውን አንዴ መታና ከድንጋዩ ሥር ገባ። በዚያው ዙር የያዝናት ቡናማ ትራውት ክንዴን የምታህል ነበረች። ማታ በፋኖስ ብርሃን ሆዷን ስከፍት ብርቱካን የመሰለ እንቁላል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶታል። ቢላዬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ አጥቤ በረዶ ላይ አስተኛኋትና መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ ሴት፣ እንቁላል ያላት፣ 41 ሴንቲ ሜትር።