ትንሿ ጎማ የምትጠብቀው አማና



በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር ነው። የአንድ ክፍል ተማሪዎቻችንን የፈተና ወረቀት በካርቶን አድርገን ከአሮጌዋ መኪናችን የኋላ ወንበር ላይ አሳደርነው። ሌሊቱን ዶፍ ሲወርድ አደረ። ጠዋት በሩን ስንከፍት ካርቶኑ ርሶ፣ ቀለሙ ፈስሶ፣ የልጆቹ ልፋት ሰማያዊ ውሃ ሆኖ ጠበቀን። መስታወቱ ግን እንደተዘጋ ነበር። ታዲያ ውሃው በየት ገባ?

ጥፋቱ የራሳችን ነበር። በበጋው መስታወቱ ሲወጣና ሲወርድ እየተንሲያጠጠ ቢያስቸግረን «ናፍታ አስነኩት፣ ይለሰልሳል» የሚል ምክር ሰምተን የመስኮቱን ጎማ ደጋግመን በናፍታ ወለወልነው። ለጊዜው ለሰለሰልን። ውሎ አድሮ ግን ጎማው አበጠ፤ ከመቀመጫውም ተነሣ። ዝናቡ ያገኘው ያንን ክፍተት ነው።

በዛሬዎቹ መኪኖች በርና መስኮት ላይ ያለው ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ኢፒዲኤም የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ፀሐይንና ዝናብን በደንብ ይችላል፤ የነዳጅ ዘር የሆነ ነገር ግን ጠላቱ ነው። ቤንዚን፣ ናፍታ፣ ላምባ፣ የሞተር ዘይትና ግሪስ ውስጡ ገብተው ያሳብጡታል፣ ጥንካሬውንም ይነሡታል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ደግሞ የፀሐዩ ጨረር ስለሚበረታ፣ እንክብካቤ ያጣ ጎማ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሥራው የአንድ ጠዋት ነው፤ ልጆችም ሊያግዙ ይችላሉ።

በመጀመሪያ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ እናራግፍ። መስታወቱ የሚንሸራተትበት ቦይ ውስጥ የተጠራቀመ አሸዋ መስታወቱን ይጭራል፤ መስታወት የሚያነሣውንም ሞተር ያደክማል። ቦዩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መጥረግ ይቻላል።

ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገን፣ በለስላሳ ጨርቅ የጎማውን እጥፋት ሁሉ እንጥረግ። ከዚያም በንጹሕ ውሃ አለቅልቀን ፈጽሞ እስኪደርቅ እንጠብቅ።

ሲደርቅ የሲሊኮን ቅባት በጨርቅ ላይ አድርገን በስሱ እንቀባው። ለበሩ ዙሪያ ጎማ ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪንም ይሆናል። ከፈይ መሳይ ሽፋን ላለው የመስታወት ቦይ ግን ግሊሰሪን አቧራ ስለሚሰበስብ፣ ቶሎ የሚደርቀው ሲሊኮን ይሻላል።

በመጨረሻም ከበሩ ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች እንመልከት። በመስታወቱ ግርጌ በኩል ጥቂት ውሃ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ የተለመደ ነው፤ የሚወጣውም በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው። ጭቃ ከደፈናቸው ውሃው እዚያው ተኝቶ በሩን ያዝገዋል።

የበሩን ጎማ ለመፈተን ቁራጭ ወረቀት በሩ ላይ አስገብተን እንዝጋና እንሳበው። እየተጎተተ በግድ ከመጣ ጎማው ደህና ነው፤ ያለ ትግል ከወጣ ግን እዚያ ቦታ ላይ ውሃ ይገባል። የተቀደደ ወይም እንደ እንጨት የደረቀ ጎማ በቅባት አይድንም፤ ቅርጹ የሚመሳሰል ጎማ ገዝቶ መቀየር ነው። ይህን ሁሉ ክረምት ሳይገባ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራም መስከረም ላይ ብናደርግ ይበቃል።

ወደ ተማሪዎቻችን እንመለስ። ክፍል ገብተን የሆነውን ሳንሸሽግ ነገርናቸው፤ ይቅርታም ጠየቅን። ወረቀታቸው የማይነበበው ልጆች እንደገና ተፈተኑ። ከኋላ የተቀመጠ፣ ከትምህርት በኋላ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ናፍታ እኮ ጎማ ይበላል!» አለን። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኛም አብረን ሳቅን። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሮጌውን ጎማ አውጥቶ አዲሱን የገጠመልን እሱው ነው። መምህሩ ተማሪ የሆነበት ቀን ነበር።

ውድ አንባብያን! የሰው አማና የሚጠፋው ሁልጊዜ በትልቅ ጥፋት አይደለም። አንዳንዴ ችላ ባልናት አንዲት ክር ጎማ በኩል ሾልኮ ይሄዳል። ዝናቡ ሳይቀድመን እንቅደመው።