መጨረሻውስ?

ባለፈው ቅዳሜ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ካለው ቤታችን ደጃፍ ተቀምጬ ቡና ስለቅም፣ የ13 ዓመቱ የልጅ ልጄ ጣቱን እንደ ሽጉጥ ቀስሮ «ቶኒ ሞንታና ነኝ!» እያለ ጓደኞቹን ሲያሯሩጥ አየሁ።

ስሙን አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው «ስካርፌስ» ፊልም አል ፓቺኖ የተጫወተው የወንበዴ አለቃ ነው። የልጁ አባትም በቪዲዮ ቤቶች ዘመን አግዳሚ ላይ ተኮልኩሎ የማፊያ ፊልም ያይ ነበር። እቆጣዋለሁ፤ ተደብቆ ይሄዳል።

ክርክሩ የቆየ ነው። የመጀመሪያው «ስካርፌስ» እ.ኤ.አ. በ1932 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ መነሻው አል ካፖን የተባለው የቺካጎ ወንበዴ ነበር። ሳንሱሮች ወንበዴን ያስወድዳል ብለው ስለተቃወሙት «የሀገር ውርደት» የሚል ንዑስ ርዕስ ተጨመረለት። ተመልካቹ ግን ከምንም ተነስቶ ለማንም የማይንበረከክን ሰው መውደዱን አልተወም። እኛስ ብንሆን? ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት ሸፍተው ነበር። የሽፍታ ጀግንነት ሲወራ እየሰማን ነው ያደግነው።

ስለዚህ መቆጣቱን ትቼ ልጁን አጠገቤ አስቀመጥኩና «መጨረሻው ምን ሆነ?» አልኩት። አያውቅም። ስልክ ላይ የሚያየው ቁርጥራጩን ነው፤ መኪናውን፣ ገንዘቡን፣ ተኩሱን።

ነገርኩት። ቶኒ የልብ ጓደኛውን በገዛ እጁ ይገድላል፤ እሱም በገዛ ቤቱ በጥይት ይወድቃል። እውነተኛው ካፖን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1931 ግብር በማጭበርበር 11 ዓመት ተፈረደበት። ቂጥኝ አንጎሉን ጎዳው፤ በ1946 ሐኪሞች አእምሮው እንደ 12 ዓመት ልጅ ሆኗል አሉ። በዓመቱ፣ በ48 ዓመቱ ሞተ።

«ከእኔ ያነሰ?» አለ ልጁ።

ከነርስነት ሥራዬም አንድ ነገር ጨመርኩለት። በፊልም የቆሰለ ሰው ጨርቅ ጠምጥሞ ይሮጣል። እኔ ቁስሉን እጠርግለት የነበረ አንድ ወጣት በጠብ መሃል ቀኝ እጁን በጩቤ ተቆርጦ ነበር። ቁስሉ ሻረ፤ ጅማቱ ስለተበጠሰ ግን ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት። እንጀራ መቁረስ አቅቶት እናቱ ታጎርሰው ነበር።

ልጁ ዝም ብሎ የራሱን ጣቶች አጠፈና ዘረጋ።

ማታ ለአባቱ ስነግረው ሳቀ። «እኔም እኮ መጨረሻውን አላየሁትም። ሁልጊዜ መሃል ላይ ሰው ልከሽ ታስጠሪኝ ነበር» አለኝ።

ወላጆችና አያቶች፣ ለዕድሜያቸው የማይሆነውን ፊልም ከልክሏቸው። ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት ግን መጨረሻውን ጠይቋቸው፤ ካላወቁት ተቀምጣችሁ ንገሯቸው።