ባሌስትራው ካረጀ ከፍታ አይገዛም

ክረምት ሲገባ በአዊ የአስፋልቱና የገጠሩ መንገድ ሁለት አገር ይሆናሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው ዋና መንገድ እንጅባራንና ዳንግላን እያቋረጠ ሥራውን ይቀጥላል። ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌ ሲታጠፉ ግን ቀዩ አፈር ውሃ ጠጥቶ ይጠብቃል። በተለይ በፋግታ ለኮማ በኩል የዲከረንስ ዛፍ ከሰልና ድንች የጫኑ አይሱዙዎች ሲመላለሱ የከረሙበት መንገድ ግራና ቀኙ ቦይ፣ መሐሉ ጉብታ ነው። ከኋላ የምትከተል ፒካፕ ጎማዋ ቦዩ ውስጥ ይሰጥማል፣ ሆዷ ጉብታው ላይ ይቀመጣል። አራቱም ጎማ ይሽከረከራል፤ መኪናዋ ግን ካለችበት ፈቀቅ አትልም። ሾፌሩ ሱሪውን ሰብስቦ፣ አካፋ ይዞ ጭቃ ውስጥ ሲንበረከክ የሚመጣለት ሐሳብ አንድ ነው፦ ይህችን መኪና ከፍ ማስደረግ።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ግን ከፍታ የሚገዛው መኪናዋ ምን እንደጎደላት ሳይጠይቅ ስለሆነ ገንዘቡ ባክኖ ይቀራል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማቆየት የብዙ ባለንብረት ዕጣ ሆኗል። በዚህ ጊዜ በተሳሳተ ቦታ የሚወጣ ብር ያስቆጫል።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። አንዱ የመኪናውን አካል ብቻ ከሻንሲው ላይ በድጋፍ ማንሳት ነው። ርካሽ ነው፣ ለትልቅ ጎማም ቦታ ይሰጣል። ሻንሲው ግን ካለበት አይነሳም። በጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበርን በዓል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ኮርቻ ላይ ኮርቻ ቢደራረብ ፈረሰኛው ከፍ ይላል እንጂ የፈረሱ ሆድ ከመሬት አይርቅም። ሁለተኛው ባሌስትራውን ወይም ሞላውን በመለወጥ ሻንሲውን ራሱን ማንሳት ነው። ለገጠር መንገድ የሚረዳው ይኸኛው ነው።

እሱም ቢሆን የማያነሳው ነገር አለ። ጉብታው ላይ ቀድሞ የሚጋጨው ዲፈረንሻሉ ነው። ዲፈረንሻሉ ያለው አክስሉ ላይ፣ አክስሉ ያለው ጎማው ላይ ነው። ስለዚህ አክስሉ አንድ ወጥ በሆነ መኪና ሞላውንም ባሌስትራውንም የፈለጉትን ያህል ቢያረዝሙ ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ርቀት አይለወጥም። የሚለውጠው ጎማ ብቻ ነው፣ እሱም በግማሽ። በሃይሉክስ ላይ የተለመደው 265/65 አር 17 ጎማ ከዳር እስከ ዳር 77.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ265/70 ሲተካ 80.3 ይሆናል። ልዩነቱ 2.7 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው 1.3 ብቻ ነው። ፍጥነት መቁጠሪያውም ይሳሳታል፤ ቀድሞ ልክ ከነበረ 100 ሲል መኪናው 103 ይሄዳል።

ታዲያ ከምን ይጀመር? ከሜትር። መኪናውን ባዶውን፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ የጎማዎቹን ንፋስ ያስተካክሉ። ከቸርኬው መሐል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በአራቱም ማዕዘን ይለኩና ይጻፉ። ከዚያ ያው ሞዴል የሆነ፣ ባሌስትራው ያልደከመ የሌላ ሰው መኪና ፈልገው ይለኩ። ዓመታት ጭነት የተሸከመ ፒካፕ ከኋላ በርካታ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢያገኙት አይደነቁ። እንዲህ ያለ መኪና የሚያስፈልገው ተጨማሪ ቁመት ሳይሆን የራሱ ቁመት እንዲመለስለት ነው። ግራና ቀኙ በጉልህ ከተለያየ ደግሞ የተሰበረ ወይም የደከመ ብረት ሊኖር ይችላል፤ እሱ ሳይታይ ሌላ ሥራ አይጀመር።

ባሌስትራ ከረጅም እስከ አጭር ተደራርበው የታሰሩ ጎባጣ ብረቶች ነው። የሃይሉክስ የኋላው ባሌስትራ ነው። ከባዶቹ የላንድክሩዘር 70 ዘሮችም ከኋላ ባሌስትራ ናቸው፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፊታቸው ሞላ ሆኗል። ባሌስትራ ላለው መኪና በርካሽ ከፍ ማለት የሚቻልበት መንገድ ብዙ ነው። ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ማንጠልጠያ ማስረዘም አንዱ ነው፤ አሥር ሴንቲ ሜትር ቢረዝም መኪናው የሚነሳው በአምስት ገደማ ነው። በባሌስትራውና በአክስሉ መሐል የብረት ብሎክ ማስገባት ሌላው ነው። ይህ ለኋላ ብቻ ነው፣ ያውም አንድ ብሎክ። ከፊት አክስል ላይ ብሎክ የሚያስገባ ጋራዥ ካጋጠመዎ ቁልፍዎን ተቀብለው ይውጡ፤ ፍሬን ሲያዝና መሪ ሲዞር የሚመጣው ኃይል ብሎኩን ሊያስወጣው ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የድሮውን ባሌስትራ በእሳት አግሎ ማጉበጥ ነው። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ መኪናውም ከጋራዥ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይታያል። ለምን እንደማይበጅ ከቀጥቃጭ በላይ የሚያውቅ የለም። ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ በየገጠሩ ማረሻና መጥረቢያ ይሆናል። ቀጥቃጩ ብረቱን በከሰል አግሎ ሲያቀላው ለመዶሻ የሚታዘዘው የነበረውን ጎብጦ የመመለስ ጠባይ ስለሚለቅ ነው። ለማረሻ ይህ መልካም ነው። መኪና ላይ ግን ያው የለቀቀ ብረት በድንች ጭነት ሥር ጥቂት ወራት ይቆይና ተመልሶ ይተኛል፣ ወይም ይሰበራል። ማጉበጥ ካስፈለገ ሳይሞቅ በመዶሻ ቀስ በቀስ የሚሠራው ይሻላል። ከዚያም የሚሻለው አንድ ብረት መጨመር ነው፤ ከሁሉም አዲስ ባሌስትራ ማስገባት።

ጭነቱም ይታሰብበት። ሁልጊዜ አምስት ኩንታል የሚጭን ሰው ጠንካራ ባሌስትራ ይጠቅመዋል። ቤተሰቡን ብቻ የሚያመላልስ ሰው ያንኑ ቢያስገባ መኪናው በኮረኮንች ላይ ይዘላል፤ ጎማው መሬት ይለቃል፣ ወገብም ይጎዳል።

ሞላ ላለው የፊት ክፍል ርካሹ መንገድ ከሞላው ሥር ወይም ላይ የሚገባ ስፔሰር ነው፤ ሞላው ካልደከመ እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ድረስ ችግር የለውም። የድሮ ሃይሉክስና ዲማክስን የመሳሰሉ ቶርሽን ባር ያላቸው መኪኖች ደግሞ ቡሎን በማጥበቅ ብቻ ይነሳሉ። ይህ ምንም ወጪ ስለሌለው ሰው ይወደዋል። ሆኖም ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ ይበላበታል፤ ሰሚያሴውም በሰያፍ ስለሚሠራ የመገጣጠሚያው ላስቲክ ቶሎ ይቀደዳል።

አሞርዛተር ሊዘለል አይገባም። መኪናው አምስት ሴንቲ ሜትር ሲነሳ የድሮው አሞርዛተር ተለጥጦ ጫፉ ላይ ሊደርስና ከውስጥ ሊሰበር ይችላል። ሥራው ሲያልቅ ጎማው እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር በዓይን ይታይ፤ የጎማ አቅጣጫ ይስተካከል፣ ፓውዛውም ዝቅ ይደረግ።

አምስት ሴንቲ ሜትር ስል በምክንያት ነው። እስከዚያ ድረስ የመሪው፣ የትራንስሚሲዮኑና የፍሬኑ አቀማመጥ ብዙም ሳይናጋ ይቆያል። ከዚያ ሲያልፍ እያንዳንዱ ማስተካከያ የራሱን ዋጋ ይጠይቃል፤ መኪናውም ለመገልበጥ ይቀርባል። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ሰውና ዕቃ ጭኖ የሚወርድ ሾፌር ከጭቃው ቦይ ይልቅ ቁልቁለቱን ይፍራ። የመኪናን አሠራር መለወጥ በዓመታዊ ምርመራም ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል ቀድሞ ጠይቆ ማረጋገጥ ይበጃል።

ብሩ ለሁሉም ካልበቃ እኔ የማስቀድመው ጥሩ የጭቃ ጎማ ነው። ቀጥሎ የደከመው ባሌስትራና ሞላ ይተካ፤ አብሮትም ልኩ የሆነ አሞርዛተር ይግባ። ከዚህ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ብቻ ስለ ተጨማሪ ከፍታ ይታሰብ። ሥራውም ዝናቡ ሳይጀምር በሚያዝያ ይጠናቀቅ፤ ሰኔ ከገባ መኪናውን የሚፈትነው ጭቃው ራሱ ነው።